ሦስት ቢጫ ቋጠሮ

መኪያ ጫማዋን የምታጠልቀው በሽቦ ነበር። ከልብስ መስቀያ ፈትታ ያቃናችው፣ አንዱን ጫፍ እንደ መንጠቆ አጥፋ፣ ሌላውን እጇን እንዳይሻክራት በቁራጭ ጨርቅ የጠቀለለችው ሽቦ ነው። ጫማውን ወለሉ ላይ ታስቀምጣለች፤ የእግሯን ጣቶች ታስገባለች፤ ከዚያ ጎንበስ ሳትል፣ ወገቧን እንደ ምሰሶ አቁማ፣ የጫማውን ተረከዝ በመንጠቆው ይዛ ወደ ላይ ትስባለች። የግራው ወዲያው ይገባል። የቀኙ ግን እሺ የሚለው በስንት ልመና ነው። በዚያን ዕለት ጠዋት አራት ጊዜ ሞከረች። በአራተኛው ገባ። ግንባሯ ላይ የወጣውን ላብ በሻሿ ጫፍ አበሰችና ሽቦውን ሚስማሩ ላይ መልሳ ሰቀለችው።

ልጇ ሳና የበሩን መቃን ተደግፋ ታያት ነበር። ቦሌ መንገድ ላይ ከምትሠራበት የልብስ መደብር ፈቃድ ጠይቃ የቀረችው እናቷን ሐኪም ቤት ለማድረስ ነው። ማድረሱ ግን ገና አልተፈቀደላትም።

«እማ፣ የቤቱን ቀሚስ ልበሺ። ክንዱ ላይ የተጣፈውን።»

«ለምን?»

«ለምን እንደሆነማ ታውቂዋለሽ።»

መኪያ የነጠላዋን ጥለት አስተካከለች። ቡናማ ቀሚሷ ትናንት ተተኩሷል፤ ነጠላዋ ታጥቦ ነጥቷል። ሰው ፊት የሚቀርብ ሰው ንጹሕ ለብሶ እንደሚቀርብ የነገራት የለም፤ ከእናቷ ቤት ይዛው የወጣችው ነገር ነው።

«ባለፈው አምረሽ ሄደሽ ያተረፍሽውን አይተነዋል» አለች ሳና። «ዛሬ እንኳ ትንሽ አንክሺ። ግድግዳውን ያዝ አድርጊ። ሲጠይቅሽ ‹አለቀልኝ› በዪው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ?»

«አልደበቅኩትም። አልቸረቸርኩትም እንጂ።»

ሳና ፊቷን አዞረች። እናቷ እንዲህ ባለ ድምፅ ስትናገር ከዚያ ወዲያ መንገድ እንደሌለ ታውቃለች።

ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት፣ ከደሴ ሲመለሱ የተሳፈሩበት አውቶቡስ ገደል ገብቶ የመኪያን አከርካሪ ሁለት ቦታ ሰብሮታል። ባሏ ኢሳ አብሯት ተሳፍሮ ነበር። ስለ እርሱ አትናገርም፤ የሚያውቋትም አይጠይቋትም። አጥንቱ ውሎ አድሮ ገጠመ፤ ሕመሙ ግን ቤት ሠርቶ ተቀመጠ። ከወገቧ ተነሥቶ በቀኝ ጭኗ በኩል እስከ ቁርጭምጭሚቷ የሚወርድ፣ የጋለ ብረት የመሰለ ነገር ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ሽማግሌ ሐኪም በየወሩ ኮዴይን ሲያዝላት፣ ቦሌ ሚካኤል ያለው የመድኃኒት ቤት ባለሙያ አቶ ፍስሃ ሲሰጣት ኖሯል። ክኒኑ ሕመሙን አያጠፋውም። ከግድግዳ ማዶ እንዳለ የጎረቤት ሬዲዮ ያደርገዋል፤ ይሰማል፣ ግን ሥራ አያስፈታም። ይህን እየሰማች ነው ሳናን ያሳደገችው። ይህን እየሰማች ነው ከቤቷ ፊት ለፊት ባለችው አንድ ክፍል ውስጥ ሦስት ሴቶች እያስተማረች የጥልፍ ሥራ የጀመረችው። ሰፈሩ ውስጥ ሠርግ ሲደገስ፣ የሙሽራ ቀሚስ ደረት ላይ መስቀሉን ቀጥ አድርጎ የሚጠልፍ ሲፈለግ፣ ሚካኤልን ተሳልመው የሚመለሱት ሴቶች ሳይቀሩ «መኪያ ጋ ሂጂ» ይባባላሉ።

ከዚያ ሽማግሌው ሐኪም ጡረታ ወጣ። አዲስ መመሪያም መጣ። ሰው ሱስ እያደረገው ነው ተባለና እንዲህ ያሉ መድኃኒቶች ሁለት ቁልፍ ባለው ቁም ሣጥን ተቆለፈባቸው። ቁጥር ባለው ልዩ ወረቀት ካልሆነ አይታዘዙም፤ ወረቀቱንም የሚጽፈው የሆስፒታል ሐኪም ብቻ ሆነ። የቆየ ሕመም ያለበት ሰው በየሦስት ወሩ ቀርቦ ይታያል። የተከለከለ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ተመልሶ መቅረብ ይችላል። በሁለተኛውም ከተከለከለ መዝገቡ ይዘጋል።

በታኅሣሥ መኪያ ቀረበች። ወጣቱ ሐኪም ከወረቀቱ ቀና ሳይል «እንደምን ነዎት?» አላት። ሰው እንደምን ነዎት ሲል ምን ይባላል? «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» አለች። እርሱም ጻፈው። የጻፈውን በኋላ ያነበበላት አቶ ፍስሃ ነው፤ መከልከሏን የሚገልጸው ወረቀት ግልባጭ ለእርሱ ደርሶት ነበር። መነጽሩን አድርጎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አነበበላት። «ታካሚዋ ደህና መሆናቸውን ገልጸዋል። ሳይደገፉ ገብተዋል። አለባበሳቸው የተስተካከለ ነው። መድኃኒቱን ለማስቀጠል የሚያበቃ ምክንያት አልታየም።»

መኪያ ባንኮኒው ፊት ቆማ ሰማችው። የከነከናት መከልከሏ ብቻ አልነበረም። ታጥባ መሄዷ፣ ቀና ብላ መግባቷ፣ የፈጣሪን ስም አስቀድማ መመለሷ፣ እናቷ ያስተማረቻት ነገር ሁሉ ተሰብስቦ ሄዶ መስክሮባት ነበር።

እጇ ላይ የቀሩትን ክኒኖች ለሁለት ከፈለቻቸው። ግማሾቹ በየካቲት መጀመሪያ አለቁ። ከዚያ ወዲህ ሬዲዮው ግድግዳውን ጥሶ ገብቷል። አሥር ደቂቃ ተቀምጣ መሥራት ካቃታት አምስት ሳምንት ሆኗታል።

ዛሬ መጋቢት ዘጠኝ ነው። ሁለተኛው ቀጠሮ።

ከመውጣቷ በፊት ከሣጥኑ ውስጥ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አንሥታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። መርፌዋንና የክሯን ቆርቆሮም ጨመረች።

«ያን ደግሞ የት ልትወስጂው ነው?» አለች ሳና።

«ወረፋ ላይ እፈታዋለሁ። እጅ ቦዝኖ አይውልም።»

በጥቅሉ ውስጥ ያለው ለወይዘሮ አፀደ ልጅ ሠርግ የታዘዘው የመስቀል ጥልፍ ነበር። መኪያ ጀምራው ከመካከል አለፍ ስትል ተበላሸባት። ትእዛዙን ከተማሪዎቿ አንዷ በአዲስ ጨርቅ ጠልፋ ለቀኑ አደረሰችው፤ የተበላሸው ግን ሣጥን ውስጥ ቀረ። ይህ በመኪያ ቤት ሆኖ አያውቅም። እዚያ ቤት የተበላሸ ጥልፍ አይቀመጥም፣ ለሰው አይታይም። ይፈታል። አንዲት ተማሪ አንድ ጊዜ የተጣመመ ስፌቷን በሌላ ስፌት ልትሸፍነው ብትሞክር፣ መኪያ ቁጣ ሳታሰማ አጠገቧ ቆማ እስከ መጨረሻዋ ክር አስፈትታታለች። እጇ የተደሰተበት ሥራ ላይ ደግሞ፣ ከታች በቀኝ በኩል ባለው ማዕዘን፣ ከሰሊጥ ፍሬ የማይበልጡ ሦስት ቢጫ ቋጠሮዎች ታኖራለች። ቀድሞ ሁለት ነበሩ። ከአሥራ ሁለት ዓመት ወዲህ ሦስት ሆኑ። ሦስተኛው የማን እንደሆነ የጠየቃት የለም።

ሳና እስከ ታክሲው ድረስ ብቻ እንድትሸኛት ተፈቀደላት። ለወሎ ሰፈር የሚጮኸው ታክሲ ከኋላ አንድ ቦታ ቀርቶታል፤ ጋቢና ግን አንድ ጎረምሳ ተንሰራፍቶ ተቀምጧል።

«እኔ ጋቢና ካልሆነ አልሄድም» አለች መኪያ።

«ጋቢና ለቆንጆ ነው የሚያዘው፣ እናት» አለ ወያላው።

ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ አያት፤ ነጠላዋን፣ የሻሿን አስተሳሰር፣ ቀጥ ያለ አቋቋሟን። «ታዲያ ምን ጎደላቸው?» አለና ወደ ጎረምሳው ዞረ። «አንተ ወደ ኋላ እለፍ። መልክህን ደግሞ ጠዋት ስትወጣ አይተኸዋል።»

መኪያ እየሳቀች ገባች። በሩ ሲዘጋ ሳቋ አለቀ። ቦሌ ሚካኤልን ከወሎ ሰፈር የሚያገናኘውን መንገድ ጉድጓዶች አንድ በአንድ ታውቃቸዋለች፤ ከመድረሳቸው በፊት ሁለት መዳፏን ወንበሩ ላይ ተክላ፣ ወገቧን ከመቀመጫው ከፍ አድርጋ ትጠብቃቸዋለች። ሾፌሩ በሁለተኛው ጉድጓድ ላይ ገባውና ከዚያ ወዲያ ቀስ ብሎ ነዳ።  ስትወርድ «አላህ ይስጥልኝ» አለችው።

በሆስፒታሉ ኮሪደር መጨረሻ ካለው በር ላይ «የልዩ ማዘዣ ታካሚዎች፣ ሐሙስ ብቻ» የሚል በእጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል። አግዳሚ ወንበሩ ላይ ስምንት ሰው ተቀምጧል። መኪያ ስሟን አስመዘገበችና ግድግዳው አጠገብ ቆመች። ግድግዳውን አልተደገፈችውም።

«እህቴ፣ ነይ እዚህ ጋ ቁጭ በይ» አላት በሁለት ክራንች መካከል የተቀመጠ ሰው። ሽበቱ ገና ከጆሮ ግንዱ አላለፈም። የግራ ሱሪው ከጉልበቱ በታች ታጥፎ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል።

«ቆሜ ይሻለኛል፣ ይመስገን።»

«እዚህ ቤት የቆመ ሰው ጤነኛ ነው የሚባለው። ምክሬን ስሚኝ፤ አብዱልሐሚድ እባላለሁ፣ የአሰብ መንገድ ሾፌር ነበርኩ። ሌላ ቀን በአንድ ክራንች ነው የምሄደው። ዛሬ የጎረቤቴን ተውሼ ሁለት አድርጌያለሁ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ማቃሰትም ሦስት ዓይነት ተለማምጃለሁ። አንዱ ስገባ ነው። አንዱ ስቀመጥ። ሦስተኛው ሐኪሙ ብዕር ሲያነሣ።»

መኪያ ሳቀች። ሳቁ ወገቧን ያዘውና አቋረጣት። «አያስቁኝ፤ ወገቤን ያመኛል።»

«እሱን ውስጥ ገብተሽ በዪው።»

አጠገቡ ያሉትም ሳቁ። እዚያ ኮሪደር ላይ ግን ሳቅ ብዙ አይቆይም። አብዱልሐሚድ የታጠፈውን ሱሪ በመዳፉ ዳበስ ዳበስ አደረገው።

«ይህ ከተቆረጠ ስምንት ዓመቱ ነው» አለ። «የሚያመኝ ግን እርሱ ነው፤ የሌለው። አውራ ጣቱን ይጠመዝዙታል። ለሌለ እግር መድኃኒት ስጠኝ ብዬ እንዴት ልጠይቀው? ሰውስ ምን ይለኛል? ስለዚህ አቃስታለሁ።»

«እንደ ነገሩኝ ቢነግሩት ይሻል ነበር» አለች መኪያ።

«አንቺ ስለሰማሽኝ ነው።»

ስሙ ተጠራ። በሁለቱ ክራንች ላይ ተንጠልጥሎ ገባ፤ በሩም ተዘጋ። የመጀመሪያው ማቃሰት በበሩ በኩል ተሰማ፤ ጥቂት ቆይቶም ሁለተኛው።

መኪያ ጥቅሉን ከቦርሳዋ አወጣች። ጨርቁን በግራ ክንዷ ላይ ዘርግታ፣ ከታች፣ ከመጨረሻው ስፌት ጀምራ ልትፈታ የመርፌውን ጫፍ ከክሩ ሥር አስገባች። አንድ ክር ተፈታ። ሁለተኛው ተፈታ። ሦስተኛው ላይ እጇ ቆመ።

ከአምስት ሳምንት በኋላ ጥልፉን በቀን ብርሃን ስታየው የመጀመሪያዋ ነበር። ላይኛው ክንፍ ላይ ስፌቱ እንደ ጤፍ ነዶ ተጠጋግቶ ቆሟል፤ አንዱ ከሌላው አይረዝምም፣ አያጥርም። ይህ የታኅሣሥ ነው። ከመስቀሉ አንገት ላይ ክሩ መላላት ይጀምራል፤ ትንሽ ቀጥ ይላል፣ ትንሽ ይጥመለመላል፣ እንደገና ይቀናል። ቀጥ ያለው ግማሽ ክኒን በዋጠች በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የተሠራው፣ የተጥመለመለው ደግሞ ክኒኑ ካለፈባት በኋላ ያለው ነው። ከዚያ በታች የሚታየው ስፌት የማንም ሰው ስፌት ሊሆን ይችላል። መርፌ ይዞ የማያውቅ ሰው፣ ወይም በጨለማ የተቀመጠ ሰው ስፌት። አንድ ቦታ ላይ መርፌው ጨርቁን ስቶ፣ ጣቷን ወግቶ ያደማበት ቡናማ ነጠብጣብ አለ። መኪያ እያንዳንዷን ቀን ለየቻት። እንዲህ ያለ መዝገብ እጇ እየጻፈ መሆኑን አላወቀችም ነበር።

በሩ ተከፈተ። አብዱልሐሚድ ወጣ፤ አያቃስትም። ክራንቾቹን አንድ ላይ በአንድ እጁ ይዟቸዋል፣ በሌላው ግድግዳውን።

«አበዛሁት መሰለኝ» አለ። «መጀመሪያ አዘነልኝ። ከዚያ ኮዴይኑን ስለው ፊቱ ተለወጠ። ‹መድኃኒቱን በስሙ ነው የሚጠሩት› አለኝ። ስምንት ዓመት የዋጥኩትን ክኒን በምን ልጥራው? በክርስትና ስሙ?» ሊስቅ ሞከረ። «‹የሱስ ምልክት› ብሎ ጻፈ። ስለ አውራ ጣቴማ ሳልነግረው ወጣሁ።»

 ይህን ብሎም አልሄደም፤ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና «ምክሬን እርሺው» አላት። «እንደ መሰለሽ ግቢ።»

«ወይዘሮ መኪያ ይማም» የሚል ድምፅ ተሰማ።

መኪያ መርፌዋን ቆርቆሮው ውስጥ መለሰች፤ ጨርቁን አጣጠፈች። ቀና ብላ ገባች። ሌላ አገባብ አታውቅም።

ሐኪሙ ዶክተር ቢሩክ ጠረጴዛው ጀርባ ተቀምጧል። ያው ወጣት ነው፤ ዓይኖቹ ግን ከሦስት ወር በፊት ከነበሩበት ደክመዋል። ከጎኑ መዝገብ የያዙ፣ ሲስተር እንቁ የሚባሉ በዕድሜ ጠና ያሉ ነርስ አሉ። ሁለቱ አይተው ካልፈረሙ ልዩ ወረቀቱ አይወጣም።

«እንደምን ነዎት?» አላት ሐኪሙ።

«አልሐምዱሊላህ» አለች። ቃሉ ራሱ ነው የወጣው። «ደህና ነኝ» የሚለው ተከትሎት እስከ ከንፈሯ ደረሰ። እዚያ ላይ አቆመችው። በሕይወቷ ሙሉ ሰላምታን በግማሽ የመለሰችው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ሐኪሙ ዝምታውን ልብ አላለውም፤ መዝገቡን እያገላበጠ ነበር። «ሕመሙስ?»

«አለ።»

«ከአንድ እስከ አሥር ቢሰጡት ስንት ይሆናል?»

መኪያ አሰበች። ውሸት እንዳይሆን ተጠንቅቃ አሰበች። «ሕመም በቁጥር አልተማርኩም» አለች በመጨረሻ። «ሳልሠራ ውዬ አላውቅም ነበር። አሁን አልሠራም።»

«ባለፈው ደህና መሆንዎን ነው የገለጹት። እዚህ ተጽፏል። ዛሬም እንደማየው...» ሐኪሙ ነጠላዋን አየ፣ አቋቋሟን አየና ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። እንደ ክፉ ሰው አልነበረም የሚናገረው። «ወይዘሮ መኪያ፣ ከእኔ በፊት እዚህ የነበረው ሐኪም ለጻፋት ለእያንዳንዷ ወረቀት በጽሑፍ መልስ ስጥ ተብሎ ነው የተዛወረው። ያላየሁትን አየሁ ብዬ ልጽፍ አልችልም።»

የሚያየውን ልታሳየው የምትችልባቸው መንገዶች ነበሩ። ጉልበቷን ለቀቅ ብታደርገው ይበቃ ነበር፤ ወለሉ ድረስ የሚወስዳት ሌላ ነገር አያስፈልጋትም። እዚያ ቆማ የምትታገለውም ከዚያ ጋር ነው። እንባም ቢሆን ቅርብ ነበር። ባሏን የቀበረች ዕለት ያልወጣ እንባ ለጥቂት ክኒን ይውጣ?

ጥቅሉን ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ፈታችው። እጇ ከጨርቁ ላይ ለመነሣት ጊዜ ወሰደበት።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ሥራዬ ነው» አለች። ቀጥላም፣ «አይደለም። የተበላሸ ነው። በቤቴ እንዲህ ያለ ነገር ለሰው አይታይም።»

ሐኪሙ ጨርቁን አየው፤ የሚያየው መስቀል ብቻ ነበር። ሲስተር እንቁ ግን መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ገፋ አድርገው ጎንበስ አሉ። ጣታቸውን ከላይ ጀምረው ቀስ እያሉ አወረዱት። አንገቱ ላይ ዘገየ። ከዚያ በታች ቆመ።

«የሁለት ሰው እጅ ነው?»

«የአንድ ሰው ነው።»

«ይህ ሁሉ?»

«እዚህ ድረስ በሙሉ ክኒን ነው» አለች መኪያ። ጨርቁን ሳትነካ አመለከተች። «ከዚህ እስከዚህ በግማሽ። ከዚህ ወዲያ ያለ ምንም። ከታች የተፈቱት ሁለት ክሮች የዛሬ ናቸው። ልፈታው ነበር።»

 ሲስተር እንቁ ደም የነካውን ቦታ በጣታቸው ከነኩ በኋላ ቀና አሉ። «ዶክተር፣ እኔም በልጅነቴ ጠልፌያለሁ። እጇ እንዲህ የሆነ ሰው...» ላይኛውን ክንፍ አመለከቱ፣ «እንዲህ ያለውን አውጥታ አታሳይም። ከማሳየት መሞት ይቀላታል።»

ዶክተር ቢሩክ ጨርቁን ወደ ራሱ ሳበው። በዚህ ጊዜ መስቀሉን አልነበረም የሚያየው። ከላይ ወደ ታች አነበበው፤ ከታች ወደ ላይም ተመለሰ። 

«አምናለሁ» አለ። «የእኔ ማመን ግን አይበቃም። በምን አየኸው ይሉኛል። ይህን ነው የማሳያቸው። ለሦስት ወር የሚሆን ልጽፍልዎት እችላለሁ፤ ጨርቁ ግን ከመዝገብዎ ጋር ይያያዛል። እዚህ ይቀራል።»

ይህን አላሰበችውም። አሳይታ፣ አጣጥፋ፣ ወስዳ ልትፈታው ነበር ሐሳቧ። የተበላሸ ሥራ ከእጇ ወጥቶ አያውቅም። መዝገቡ በሚቀመጥበት ሰማያዊ ካርቶን ውስጥ ታጥፎ፣ መኪያ ይማም የሚል ስም ተጽፎበት፣ የማታውቃቸው ሰዎች እየከፈቱ ሲያዩት ታያት። መዳፏን ጨርቁ ላይ አሳረፈች።

«እንዲህ እንዳለ አይቀርም።»

«ያለዚያ ልጽፍ አልችልም፣ ወይዘሮ መኪያ። ከዛሬ በኋላ መዝገቡ ይዘጋል።»

«ገብቶኛል።» መዳፏን ከጨርቁ አላነሣችም። «ጥቂት ደቂቃ ይስጡኝ። ወንበሩንም።»

ሲስተር እንቁ ወንበሩን አቀረቡላት። መኪያ ጀርባዋን ሳታጥፍ፣ የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዛ፣ እንደ ሞላ እንስራ በጥንቃቄ ራሷን አወረደች። ፊቷ ነጣ። ድምፅ አላሰማችም። ከቦርሳዋ ቆርቆሮዋን አውጥታ ቢጫውን ክር ለየች። ክሩን ወደ መርፌው ቀዳዳ አቀረበችው፤ ሳተ። ደገመችው፤ ሳተ። ዶክተር ቢሩክ አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ፤ ሲስተር እንቁ እጃቸውን ከጠረጴዛው ትንሽ አነሡ። ዝም አለ። በሦስተኛው ክሩ ገባ።

የጨርቁን ታችኛ ማዕዘን በጣቶቿ ወጠረች። መርፌው ገባ፣ ወጣ፣ ክሩ ሁለት ጊዜ ተጠመጠመ፤ የመጀመሪያዋ ቋጠሮ ተቀመጠች። ቀኝ እግሯ ከጠረጴዛው ሥር መንቀጥቀጥ ጀምሯል፤ የነጠላዋ ጫፍ አብሮት ይንቀጠቀጣል። ሁለተኛዋ ቋጠሮ ከመጀመሪያዋ ትንሽ ራቀች። በጤናዋ ቀን ብትሆን ትፈታት ነበር። አልፈታቻትም።

ሦስተኛዋ ላይ እጇ ቆመ። ሁለቱም መቆሙን አዩ፤ ለምን እንደቆመ ግን ከእርሷ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ከበሩ ማዶ አንድ ክራንች ወለሉን መታ። መኪያ ትንፋሿን ሰብስባ መርፌውን አስገባች።

ሲያልቅ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። ጨርቁን በመዳፏ ደልድላ፣ ጥልፉ ሐኪሙ ፊት እንዲሆን አዞረችው።

«አሁን የእኔ ነው» አለች። «ያያይዙት።»

ከዚያ ለመነሣት ሁለት መዳፏን ጠረጴዛው ላይ ተከለች። በመጀመሪያው አልሆነላትም። ዶክተር ቢሩክ ሊደግፋት ብድግ አለ፤ ፊቷን አየና ተመልሶ ተቀመጠ። ጠበቃት። በሁለተኛው ተነሣች፤ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ መለሰች፤ የሻሿን ቋጠሮ በጣቶቿ ፈተሸችው።

ሐኪሙ መሳቢያውን ከፍቶ ቁጥር ያለውን ወረቀት አወጣና ፊቱ ዘረጋው። ብዕሩን አነሣ። ገና አሁን እንደገባች ሁሉ ቀና ብሎ አያት።

«ወይዘሮ መኪያ፣ እንደምን ነዎት?»

«አልሐምዱሊላህ» አለች።

ብዕሩ አልተንቀሳቀሰም። የቀረውን እየጠበቃት ነበር።